ሳይታመሙ መጋደም

ባሕር ዳር ሰው ለእረፍት የሚመጣባት ከተማ ናት። እንግዳው ጣና ዳር ወንበር ስቦ ይቀመጣል። አሳውን ይበላል። ዘንባባው ሥር ፎቶ ይነሳል። ከዚያ «እናንተማ ታድላችኋል!» ብሎን ይሄዳል። እኛ እንዲህ ታድለን እንቅልፍ የለንም። አንዱ የቤት ኪራይ ሲያሰላ ያድራል። አንዱ የባጃጁን ጎማ ሲያስብ ያነጋል። አንዷ ልጇ ሳትፈተን እሷ እየተፈተነች ሌሊቱን ታጋምሳለች። የቀረው ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ስልኩን ሲጎረጉር ቆይቶ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል። እንቅልፍ መች ተጠየቀና!

በዚህ መሃል ነው ሪስቶራቲቭ ዮጋ የሚሉትን የሰማሁት። የእረፍት ዮጋ እንበለው። እግር አንገት ላይ የሚጠመጠምበት ዓይነት አይደለም። ይሄኛው ለእንደኔ ዓይነቱ ሰነፍ ታስቦ የተሠራ ነው። ትራስ መደርደር፣ መጋደም፣ አለቀ።

መነሻው ህንዳዊው መምህር ቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1918 ተወልደው በ2014 አርፈዋል። ልጅነታቸውን ያሳለፉት ወባ፣ ቲቢና ታይፎይድ እየተፈራረቁባቸው ነው። ወባና ታይፎይድ ካሉበት እንግዲህ ሰውየው የኛው ሰፈር ልጅ ናቸው። በኋላ ፑኔ በምትባል ከተማ ሲያስተምሩ፣ የታመመና የደከመ ተማሪ ከመጣ በብርድ ልብስ፣ በትራስ፣ በወንበርና በገመድ እየደገፉ ያሠሩት ነበር። ተማሪያቸው አሜሪካዊቷ ጁዲት ሃንሰን ላሳተር ደግሞ መጋደሙን ራሱን የቻለ ትምህርት አድርጋ አስፋፋችው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጡንቻ የሚወጠረው ሰውነትን ለመሸከም ነው። ሁሉ ነገር ከሥሩ ከተደገፈ ሥራ ይፈታል። በአንድ አተኛኝ ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ይቆያሉ። ትንፋሽ ሲወጣ ከገባበት ረዘም እንዲል ይደረጋል፤ ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ረገብ ይላልና። ሰውነትን ለሩጫና ለጠብ የሚያነሳሳው የነርቭ ክፍል ቀዝቀዝ ይላል። ለእረፍትና ለምግብ መፍጨት የተመደበው ተረኛ ይሆናል።

ዕቃው ደግሞ ሁሉም ቤታችን አለ። ረጅሙ ድፍን ትራስ መከዳ ነው። ማሰሪያው መቀነት። ብርድ ልብሱ ጋቢ። ዓይን ላይ ጣል የሚደረገው ትንሽ ከረጢት ውስጥ የሚሞላው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ተልባ ነው። እኛ በጾም በጥብጠን የምንጠጣውን እነሱ ዓይናቸው ላይ ያደርጉታል።

እኛ ጋ የጎደለው ፈቃድ ነው። ሰው በቀን ከተጋደመ ወይ ታሞ ነው፣ ወይ ወልዳ ነው፣ ወይ ሐዘን አድክሞት ነው። ከዚህ ውጭ ጋደም ያለ ሰው ማብራሪያ ይጠየቃል። አባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ያለው ጉማሬ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይውላል። «ምነው፣ ምን ሆነህ ነው?» የሚለው የለም። እኔ ግን ጉማሬ አይደለሁም። ተከራይ ነኝ።

የጀመርኩት እግርን ግድግዳ ላይ በመስቀል ነው። ቪፓሪታ ካራኒ ይሉታል። መቀመጫን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ በጀርባ መተኛትና እግርን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መዘርጋት ነው። (የዓይን ግፊት ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። ቀልድ ሌላ፣ ዓይን ሌላ።) አከራዬ እትዬ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። መጀመሪያ ያዩት ግድግዳውን ነው።

«ለፋሲካ ያስቀባሁት ቀለም ነው እኮ!»

ቀጥለው እኔን አዩኝ። «ምን ነካህ ልጄ?»

«ምንም አልሆንኩም እትዬ። እያረፍኩ ነው።»

«በእግርህ?»

ሌላ ጊዜ ጉልበቴን አጥፌ፣ ግንባሬን መከዳው ላይ ደፍቼ አገኙኝ። ይሄኛው የልጅ አተኛኝ የሚባለው ነው። ስግደት ስለሚመስል ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። «በበዓለ ሃምሳ ይሰገዳል እንዴ? ደግ ሥራም እኮ ጊዜ አለው!» ብለው ተቆጡኝ።

ነገሩ የባሰው በመጨረሻው አተኛኝ ነው። በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ጋቢዬን እስከ ደረቴ ስቤ፣ መዳፎቼን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ ተልባውን ዓይኔ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። ዝም ማለቱ ነው የጎዳኝ። የጎረቤት ልጅ በመስኮት አይታኝ ሮጠች። ወዲያው ግቢው በሙሉ ምች እንደመታኝ አወቀ።

ጠያቂ ጎረፈ። አንዷ ዳማከሴ ጨምቃ መጣች። አንዱ ብርቱካን በፌስታል ይዞ መጣ። አንዲት እናት ጠበል ረጩኝ፤ ተልባው ራሰ። የራሰ ተልባ ምን እንደሚሆን ባለሙያ ያውቀዋል። ዓይኔ እስኪከፈት «አሞኝ አይደለም» ብል ማን ይሰማኛል? «የታመመ ሰው ሁሌም እንዲህ ነው የሚለው» ተባለ።

ከዚያ ወሬው ቀጠለ። የኛ ሰው በሽተኛ ሲጠይቅ ባዶ እጁን አይመጣም። ብርቱካን ይይዛል፣ የሞተ ሰው ታሪክም ይይዛል። «የአክስቴ ልጅም እንዲህ ደክሞኛል፣ ልረፍ፣ ልረፍ ሲል ነው የሄደው» አለ ባለ ብርቱካኑ። «የኛ ሰውዬማ ሳቅ ብሎ ነበር የተኛው» አለች ሌላዋ። ሁሉም ከንፈሩን መጠጠ። ጭንቀት ላራግፍ የተኛሁት ሰውዬ የኑዛዜ ሐሳብ መጣብኝ።

እንግዳ ካለ ደግሞ ቡና አለ። የዘጌ ቡና ነው፤ ያውም ለኔ ጤና ተብሎ የተፈላ። ካፌይን ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ እኩሌታው ለመውረድ 5 ሰዓት አካባቢ ይፈልጋል። ማታ 12 ሰዓት ላይ የጠጡት ቡና፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ግማሹ ገና አልሄደም ማለት ነው። ይህን በትህትና ለማስረዳት ሞከርኩ። «እና በረካውን ሳትጠጣ ልትነሳ ነው?» አሉኝ እትዬ። በረካውን ጠጣሁ። ሌሊቱን ከቢምቢው ጋር አፍጥጠን አደርን። እሷም ሳትቀምስ አልቀረችም።

እንግዲህ ሲሳቅብኝ ሰነበተ። አንድ ከሰዓት ግን እትዬ ወደ በሬ ጠጋ አሉ። ከንጋት ጀምሮ እንጀራ ሲጋግሩ ነው የዋሉት። ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል። ግራ ቀኝ ካዩ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያ እግር መስቀል ያልከው፣ እብጠት ያጎድላል ወይ?» አሉ።

«ቆሞ የዋለ እግር ላይ የተጠራቀመውን ፈሳሽ ወደ ላይ ይመልሳል ይላሉ።»

«በል በሩን ዝጋና ውጭ ቁም። ማንም እንዳይገባ።»

መከዳውን አመቻቸሁላቸው። ነጠላቸውን እግራቸው ላይ አጣፍተው ሰቀሉ። የግድግዳውን ቀለም ነገር ማናችንም አላነሳንም። ብዙም ሳይቆይ ማንኮራፋት ተሰማ። እኚህ ሴት በቀን ተኝተው አይቼ አላውቅም። ግቢው ውስጥ ያለነው ሁሉ ስንጋደም ቡና የሚያፈሉት፣ ስንነሳ እንጀራ የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው።

ጎረቤታቸው ወንፊት ልትዋስ መጣች።

«እትዬ የሉም እንዴ?»

«አሉ። እያረፉ ነው።»

«እሳቸው?» አለች ደረቷን ይዛ። «ምን አገኛቸው?»

«ምንም አላገኛቸውም። ዝም ብለው ነው ያረፉት።»

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ወንፊቱን ትታ ዳማከሴ ልትቀጥፍ ወደ ጓሮ ሮጠች። እኔም ከሰሉን ማያያዝ ጀመርኩ። ጠያቂ ሊመጣ ነው፤ ቡና የሚያፈላ ደግሞ የለም።