ሳቮን «ጎል ሳች» ብሎ ማለፍ ግፍ ነው
ስለ ሰርቢያዊው የቀድሞ አጥቂ ሳቮ ሚሎሼቪች የወጣው ጽሑፍ ጸሐፊ «የአስቶን ቪላው ጎል ሳች» ብሎ መሸኘቱ አልተዋጠልኝም። እንግሊዞች «ሚስ-አ-ሎት-ኤቪች» (ብዙ ሳች) እያሉ በስሙ ይቀልዱበት ነበር፣ እሺ። ግን እ.ኤ.አ. በ1996 የእንግሊዝ ሊግ ካፕ ፍጻሜ ሊድስ ላይ ከሳጥን ውጪ የለጋት ኳስ ትረሳለች እንዴ? ዩሮ 2000 ላይስ? ለዩጎዝላቪያ 4 ጨዋታ ተጫወተ፣ በአራቱም አገባ። በ5 ጎል ከሆላንዱ አጥቂ ክላይቨርት ጋር እኩል ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ያውም ከሩብ ፍጻሜ ተሰናብቶ! ከላይ በአስተያየትህ «በአሰልጣኝነት ምን ሠራ?» ላልከው ወንድሜ፦ በ2019 ፓርቲዛንን ይዞ በሰርቢያ ዋንጫ ፍጻሜ የከተማ ባላንጣውን ሬድ ስታርን 1 ለ 0 ረታ። ቤልግሬድ ውስጥ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። መሳቱንማ አልክድም። በ2008 ቡልጋሪያ ላይ ባደረገው የብሔራዊ ቡድን ስንብት ጨዋታ 2 ጎል አግብቶ 2 ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ።