የሦስት ኪሎው ባለጸጋ

አዲስ አበባ አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎና ስድስት ኪሎ የሚባሉ ሰፈሮች አሏት፤ ሦስት ኪሎ ግን የላትም። ይህን የከተማዋን ጉድለት በቅርቡ እኛ ቤት ሞልተንላታል። ልጃችን በተወለደ ዕለት ሚዛን ላይ ሲወጣ 3 ኪሎ ከ200 ግራም ሆነ፤ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር። አንድ ወር ሳይሞላው 83 ልብስ ነበረው። ይህ ካልሲ ሳይጨምር ነው፤ የሕፃን ካልሲ ቆጥሮ የጨረሰ ሰው የለም፣ ጥንድ ሆኖ ሳፋ ውስጥ ይገባና ብቸኛ ሆኖ ይወጣል። እኔ አባቱ፣ 24 ዓመት ሙሉ ደመወዝ የበላሁት ሰው፣ ሰባት ሸሚዝ አለኝ። የአንዱ ኮሌታ አልቋል።

ቅናት እንዳይመስልባችሁ፤ የተነሣሁት ለምስጋና ነው። አራስ የሚጠይቅለት ያጣ ሰው ይተክዝ እንጂ እኛ ምን ጎድሎብን እናዝናለን? ጠያቂው ከበራችን አይጠፋም፣ ሁሉም ደግሞ የሚያብረቀርቅ ከረጢት በእጁ አንጠልጥሏል። ውስጡ ያለው ሳይከፈት ይታወቃል፦ ‹‹ከ0 እስከ 3 ወር›› የሚል ጽሑፍ ያለበት ልብስ።

የዚህች ሦስት ወር ነገር ይደንቀኛል። ሕፃን በአምስት ወሩ ግድም የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ያደርጋል፣ ዓመት ሲሞላው ሦስት እጥፍ። በዕድሜው ሙሉ እንደዚያን ጊዜ ከልብሱ በፍጥነት የሚያመልጥበት ወቅት አያገኝም። እኛ አስተዋዮች ስለሆንን ልብሱን ሁሉ የምንገዛለት በዚያው ወቅት ነው። አንድ አጎታችን ብቻ ለሁለት ዓመቱ የሚሆን ሹራብ ይዞ መጣ። ሁላችንም ታዘብነው። ‹‹ምነው፣ ልጁን አላየውም እንዴ?›› አለች አክስቴ፣ ሰውየው ገና ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ።

እናቴ ስለ ራሷ ዘመን ስታወራ ታሳዝነኛለች። እሷ እንኳን ልትደግስ፣ ልጅ ሳይወለድ ልብስ መግዛቱ ራሱ ሟርት ይመስላት ነበር። ስድስታችንን ያሳደገችን በአሮጌ ነጠላ ነው። በመታጠብ ብዛት የለሰለሰውን ቀድዳ ሽንት ጨርቅ ታደርገዋለች፣ በተረፈው ትጠቀልለናለች፣ ከላይ ጋቢ ጣል ታደርግና በአንቀልባ ታዝለናለች። ኪስ የለው፣ ቁልፍ የለው፣ ደረቱ ላይ የድብ ግልገል የለው። በዚህ ዓይነት ውርደት ውስጥ እንዴት እንዳደግን ሳስበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የእኔ ልጅ ግን ገና በእናቱ ሆድ ሳለ ቤቢ ሻወር የሚባል ድግስ ተደግሶለት፣ ፊኛ ተነፍቶለት፣ 31 ልብስ በሌለበት ተረክቧል። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ጂንስ ሱሪ ነው። አራት ኪስ አለው፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ምን እንደሚከትበት ብዙ አሰብኩ፤ የፋይዳ መታወቂያ ገና አላወጣም፣ የቤት ቁልፍም አልሰጠነውም። ሱሪው ቀበቶ አለው፣ ቀበቶው ደግሞ እትብቱ ገና ያልወደቀለት ልጅ እምብርት ላይ በትክክል ያርፋል። ሌላው ከጀርባ በኩል አምስት ቁልፎች የተደረደሩለት ሸሚዝ ነው፤ ውሎ አዳሩን በጀርባው ለሚተኛ ሰው አምስት ጠጠር እንደማንጠፍ ያለ ስጦታ። ጫማ ሦስት ጥንድ ደርሶታል። አንደኛው የሩጫ ነው፣ ከነማሰሪያው። ልጁ አንገቱን እንኳን አላቀናም፤ ሰጪው ግን የአበበ ቢቂላ አገር ልጅ መሆኑን አስበውለታል። አበበ በሮም፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960፣ ማራቶኑን ያሸነፈው በባዶ እግሩ መሆኑ ለጊዜው ተዘንግቷቸው ይሆናል።

ወደ ጥየቃው ልምጣ፤ የልቤ ያለው እዚያ ነው። ድሮ አራስ ጠያቂ ‹‹እንኳን ማርያም ማረችሽ›› ብሎ ሲገባ ወይ ቅቤ ወይ የአጥሚት እህል ይዞ ነው። ጎረቤት ሴቶች አንዷ ገንፎ ታገነፋለች፣ አንዷ እጅጌዋን ሰብስባ ሽንት ጨርቁን ሳፋ ውስጥ ታሸዋለች፣ አንዷ ልጁን ይዛ አራሷን ‹‹እስቲ አንቺ ትንሽ ጋደም በይ›› ትላለች። ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነው! የሰው ቤት ገብቶ የሰው ሽንት ጨርቅ ማጠብ። ዛሬ እግዜር ይስጠው፣ ማንም ራሱን እንዲህ ዝቅ አያደርግም። ከረጢቱን ያስረክባል፣ ይቀመጣል፣ ቡና ይጠብቃል።

ከዚያ ደግሞ ይጠይቃል። ‹‹እኔ ያመጣሁለትን ለብሶ ልየው እስቲ።››

ይህች ጥያቄ ቤታችንን መሥሪያ ቤት አድርጋዋለች። ባለቤቴ፣ ሌሊቱን አምስት ጊዜ ስታጠባ ያደረች ሴት፣ ደብተር አወጣች። በግራ ዓምድ የሰጪው ስም፣ በቀኝ ዓምድ የልብሱ ዓይነትና ቀለም። እኔ የግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኜ ተሾምኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በ8 ሰዓት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ይመጣሉ፤ አረንጓዴው፣ ጥንቸል ያለበት። በ9 ሰዓት አክስቴ፤ ከሽሮ ሜዳ የተገዛው ባለጥበብ የአገር ልብስ። በ10 ሰዓት የባለቤቴ የአብሮ አደግ ጓደኞች፤ ክንፍ ያለው። አዎ፣ ክንፍ ያለው ልብስ አለ። ልጁ በየሰዓቱ ይወልቃል፣ ይለበሳል። የቆሸሸ ነገር የለም፤ የተቀየረው ተረኛው ስለሆነ ነው። ሚኒስትር እንኳን ለአንድ ሰዓት ስብሰባ እንዲህ አይጨነቅም።

አንድ ቅዳሜ አክስቴና የመሥሪያ ቤት ሰዎች በር ላይ ተገናኙ። ግምጃ ቤቱ ጭንቅ ገባው። አረንጓዴውን ከሥር፣ ባለጥበቡን ከላይ አለበስነው፤ ጥንቸሉ በአንገቱ በኩል ብቅ እንዲል ትንሽ ሳብ አደረግነው። ሁለቱም ወገን ደስ አላቸው። ልጁ ግን ጮኸ፣ ቀላ፣ አላበው። አንዷ ‹‹ሆዱን ነፍቶታል›› አለች። አንዷ ‹‹ምች ነው፣ መስኮቱን ዝጉ›› አለች። አክስቴ ሰብሰብ ብላ ‹‹ዓይን ነው፣ በጣም አታሳዩት›› ስትል አንደኛው ባልደረባዬ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣው ነበር። ሁለት ድርብ ልብስ ለብሷል ያለ አንድም ሰው አልነበረም። እናቴ ብቻ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ዝም ብላ ታየኝ ነበር፤ የድሮ ሰው ናት፣ ፋሽን አይገባትም።

በዚያው ሰዓት ሽንት ጨርቅ አለቀ። ውኃ በፈረቃ ነው የምናገኘው፣ ተራችን ደግሞ ሰኞ ነበር። 83 ልብስ ካለው ሰው ቤት ወጥቼ፣ ዝናብ እየመታኝ፣ ሱቅ ለሱቅ ዳይፐር ፍለጋ ዞርኩ። ስመለስ እንግዶቹ ስለ ጥንቸሉ ቀለም እየተወያዩ ነበር።

ከባሕር ማዶ የመጣልንንም ሳላመሰግን አላልፍም። ሜሪላንድ ያለች የአጎቴ ልጅ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው በኩል ‹‹ትንሽ ዕቃ›› ልካለች። ትንሿ ዕቃ አንድ ሙሉ ሻንጣ ናት፤ 23 ኪሎ። ልጄን በሚዛን አንድ በኩል፣ ሻንጣውን በሌላው በኩል ብናስቀምጥ ሚዛኑን ለማስተካከል ሰባት ልጅ መውለድ ነበረብን። ውስጡ ባለጸጉር ኮፍያ ያለው፣ እንደ ፍራሽ የተወጠረ የበረዶ ካፖርት ይገኝበታል። በእርግጥ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ የኅዳር ጠዋትም ይቆነድዳል። በረዶ ግን እስካሁን በጋሪ ስንገፋ አልታየንም። ካፖርቱን ሁለት ጊዜ አለበስነው፤ አንዴ ለቪዲዮ ጥሪ፣ አንዴ ቪዲዮው ስለተቋረጠ።

በስድስተኛ ሳምንቱ ለክትባት ጤና ጣቢያ ወሰድነው። መርፌው ጭኑ ላይ ነው የሚወጋው፣ ጭኑን ግን ማግኘት አልተቻለም። ነርሷ ብርድ ልብሱን ገለጠች፣ ሹራቡን አወለቀች፣ ቱታውን ፈታች፣ ሱሪውን ሳበች፣ ከሥሩ ሌላ ሱሪ አገኘች። ከኋላችን የተሰለፉት እናቶች ጉሮሯቸውን ማጽዳት ጀመሩ።

‹‹አባት፣›› አለችኝ፣ ‹‹ሕፃን እኮ ስድስት ሰባት ካናቴራና የዚያኑ ያህል ቱታ ይበቃዋል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ብትቀይሩለት፣ በየሁለት ቀኑ ብታጥቡለት፣ አይጎድልበትም። ክረምት ላይ አልደርቅ ካለ ሦስት አራት ጨምሩ። ሁለት ሹራብ፣ ሁለት ኮፍያ፣ ሦስት መጠቅለያ፣ አለቀ። እናንተ ከለበሳችሁት ላይ አንድ ድርብ ነው የሚጨመርለት፣ አምስት አይደለም። በርዶት እንደሆነ ለማወቅ እጁን አትያዙ፤ የሕፃን እጅና እግር ቀዝቀዝ ማለቱ ያለ ነው። ደረቱን ወይም ማጅራቱን ዳስሱ። ላብ ካገኛችሁ አውልቁለት። ብዛት የሚያስፈልገው ሽንት ጨርቅ ብቻ ነው።››

እንግዲህ ፍረዱኝ። ይህች ነርስ ወገን የላትም? ባልደረባ፣ አማት፣ የሠርግ ሚዜ የላትም? ስድስት ቱታ ብሎ ቆጠራ ምን ማለት ነው? ስድስት ሰው ብቻ የሚያውቀው ቤተሰብ ነን ማለት ነው? በዚህ ሳታበቃ ደግሞ ፀሐይ አለች። ጠዋት ጠዋት ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ ፀሐይ አሙቁት፣ አለች፤ ፀሐይ ያጣ ሕፃን አጥንቱ አይጠናም፣ እግሩ ይጎብጣል፣ ሪኬትስ የሚባለው ይህ ነው። ነገሩ እውነት ነው። ‹‹የ13 ወር ፀሐይ›› እየተባለ ለቱሪስት ለዓመታት ስትተዋወቅ በኖረች አገር ፀሐይ አጥቶ የሚታመም ሕፃን ለማግኘት ብዙ መጠቅለል ያስፈልጋል፤ እኛ በጥረታችን ደርሰንበታል። እናቴ በየጠዋቱ ልትገልጠው ትሞክር ነበር፣ ግን ፀሐይን ማን በከረጢት አመጣት? ማንስ ‹‹የእኔን ፀሐይ አሞቃችሁት ወይ?›› ብሎ ይጠይቃል?

ከሁሉም የሚበልጠው የክርስትናው ልብስ ነው። ወንድ ስለሆነ በ40 ቀኑ ነበር። የክርስትና አባቱ ሙሉ ሱፍ ገዙለት፤ ነጭ፣ ሰደርያ ያለው፣ ክራቫቱ እንደ ቢራቢሮ። ዋጋውን አልጠየቅሁም፣ የከረጢቱ ገመድ ሐር መሆኑ በቂ ነው። ለሊቱን ስንተኩስ አድረን፣ አልብሰነው፣ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ካህኑ አዩትና ‹‹አውልቁለት›› አሉ። ልጄ ከዚያ ወዲህ ላለው ዕድሜው ሁሉ ስሙን ያገኘው፣ የተጠመቀው፣ ሜሮን የተቀባው እንደተፈጠረ፣ ራቁቱን ነው። በዚያ ሰዓት የተሰጠው ነገር ቢኖር አንገቱ ላይ የታሰረች አንዲት ክር ናት። ሱፉ ወንበር ላይ ተዘርግቶ ይጠብቅ ነበር። በኋላ ስናለብሰው ሰደርያው አልገጠመም፤ በአርባ ቀን ውስጥ ወፍሯል። ለፎቶው ከጀርባ በኩል በመርፌ ቁልፍ ያዝነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው አጭር ነው። ከ83ቱ ልብሶች 40 ያህሉ አንድ ጊዜ ተለበሱ፤ 20 ያህሉ የዋጋ ወረቀታቸው ሳይቆረጥ ሻንጣ ውስጥ ገቡ። ልጁ ሌሊት የሚተኛው የእናቴን አሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ነው። ሌላ ሲያለብሱት ያለቅሳል። ይህን ለሰው አንናገርም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ የሥራ ባልደረባችን ደወለች። ‹‹ሳልጠይቃችሁ ቆየሁ፣ አፈርኩ፣ እሑድ እመጣለሁ፤ ምን ይዤ ልምጣ?›› አለች። ‹‹ሳሙና›› አልኳት። ሳቀች፤ ‹‹አንተ ቀልድ አትተውም!›› አለችኝ። እሑድ መጣች፣ የሚያብረቀርቅ ከረጢት ይዛ። ባለቤቴ ከፈተችው። ቢጫ ቱታ ነው፣ ደረቱ ላይ ዳክዬ ያለበት። እጅግ የሚያምር፣ ምርጫው የሚያስመሰግን። አወጣችውና ገለበጠችው፤ ከእግሩ በኩል ትንሽ ካርድ ወደቀች። አንሥቼ አየኋት። ‹‹እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ ልጅሽ ይደግልሽ›› ይላል፣ በባለቤቴ የእጅ ጽሑፍ፣ ቀኑ የዛሬ ሁለት ዓመት። ያን ጊዜ ለማን እንደሰጠነው ሁለታችንም አስታወስን፤ ለዚህች ሴት አልነበረም። ቱታው ስንት ቤት ዞሮ እንደመጣ እግዜር ይወቀው። ካርዷን ኪሴ ከተትኩና ‹‹ምርጫሽ ግሩም ነው›› አልኳት።

‹‹ለብሶ ልየው›› አለች።

አለበስነው። እግሩ ጉልበቱ ላይ ቀረ፣ ልጁ ሦስት ወር አልፎታል። አሳቀን፣ ፎቶ አነሣችው፣ ቡናዋን ጠጥታ ሄደች። ቱታውን አወለቅሁና ዋጋው እንዳይቀደድ ተጠንቅቄ በእጥፋቱ አጣጥፌ ወደ ከረጢቱ መለስኩት። ፎቁ ላይ ያለችው ጎረቤታችን በሰኔ ትወልዳለች።