አይቆጡም ጌታ፣ ካልሰሙ

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያሉት አባቶቻችን አንድ ነገር ጎድሏቸው ነበር፤ ጥንቃቄ። ሎሌው ሜዳ ወጥቶ የጌታውን ቅልጥም በገናው ዱላ ይለዋል፣ ንፍገቱንም በግጥም ፊት ለፊት ይነግረዋል። ጌታው እየነደደ ይስቃል። እንዲህ ያለ ግልጽነት ለጤና አይበጅም። የደሴ የበዓል አርበኛ፣ በዓል በመጣ ቁጥር ሳሎን ተቀምጦ ሹማምንቱን የሚያማው፣ ይህን ጉድለት አርሞታል። ስድቡን እንዳለ አቆየ፤ ሰሚውን ብቻ ቀነሰ።

ገና ዓርብ ሲውልማ ሥራው ሦስት ቀን ይሰፋል። (ዓርብም ቢሆን ይበላል፤ ልደትና ጥምቀት ረቡዕና ዓርብን ይሽራሉ። ይህን በየጊዜው እንደ አዲስ የሚከራከርበት ሰው ግን አይጠፋም፣ ሥጋው አፉ ውስጥ እያለ።)

ጨዋታው ራሱ ከከተማዋ ጋር አልተስማማም። ጫፉ የቆለመመ ዱላና ከእንጨት የተላገች ወይም ከቆዳ የተሰፋች እሩር ይበቃዋል፤ ሜዳ ግን ይፈልጋል። ደሴ ደግሞ ጦሳ ተራራ ሥር የተንጠለጠለች ከተማ ናት። ያመለጠች እሩር ቦርከና ወንዝ ሳትደርስ አትቆምም። ስለዚህ አርበኛው ወደ ዳማ ዞሯል፤ 64 ቤት ያለው ሰሌዳ፣ 24 ቆርኪ፣ 12ቱ በፊት፣ 12ቱ በጀርባ። ቆርኪው ከዚያው ከበዓሉ ቢራ ይገኛል። በጥርስ የተከፈተ ግን ይታጠፋል፣ የታጠፈ ደግሞ ሰሌዳው ላይ ያነክሳል። ማዶ ዳር የደረሰ ቆርኪ ይነግሣል፤ ሌላ ይደረብበትና ወደፊትም ወደኋላም መብላት ይጀምራል። «አየህ፣ እዚያ እስኪደርስ እንዴት ጨዋ ነበር!» ይላል ከጎን ያለው ተመልካች። የዕለቱ የመጀመሪያ የፖለቲካ ትንታኔ ይህ ነው። ስም አልተጠራም፣ ማስረጃም የለም።

የአገር ጉዳይ እንዲህ ሲመከር ጓዳ ውስጥ አንዲት ቀላል ሥራ አለች። ለአንድ ዶሮ ሁለት፣ ሁለት ተኩል ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ደቆ ይከተፋል፤ መጀመሪያ ያለ ዘይት በለዘብተኛ እሳት ይቁላላል፣ እንዳይዝም ውኃ ጠብ እየተደረገለት ይማሰላል። ሽንኩርቱ ሳይልም በርበሬ ከገባ ወጡ ጥሬ ጥሬ ይላል። ውኃው ባንዴ ከተደፋበት ሽንኩርቱ ለብቻው፣ መረቁ ለብቻው ሆኖ ይቀርባል። ዶሮው 12 ብልት ይወጣል፣ በሎሚና በጨው እስኪነጣ ይታጠባል፤ ቅቤው፣ ኮረሪማው፣ መከለሻው በየተራቸው። አራትና አምስት ሰዓት መቆም ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሳሎን ወደ ጓዳ የሚላከው መልእክት አንድ ነው፤ «አልደረሰም እንዴ?» ኢኮኖሚውን መተንተን የሚጀመረውም በሽንኩርት ዋጋ ነው። ተንታኙ ከታኅሣሥ እስከ ታኅሣሥ አንድ ራስ ልጦ አያውቅም።

ወሎ ነውና የሙስሊም ጎረቤት አይቀርም። ለእሱ በሙስሊም እጅ የታረደው በሌላ ድስት ይሠራለታል፣ ጠላውም በቀሪቦ ይተካል። ቢላዋው ለየብቻ፣ ድስቱ ለየብቻ። ሐሜቱ ግን ማንም ሳይባርከው ለሁለቱም ይበላል።

ሙያው የሚለየው ቡናው ሲፈላ ነው። አቦሉ ላይ የሚታማው ዋጋ ነው፤ ዋጋ ዘመድ የለውማ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሁሉ የዶላር ሊቅ ሆኗል። ቶናው ላይ ወደ ሰው ይታለፋል። ስም መጥራት ነውር ነው፤ «ሰውዬው»፣ «እነዚያ» ይበቃሉ፣ አገጩን ወደ ጣሪያ ቀና ላደረገ ደግሞ ቃልም ትርፍ ነው። የቴሌቪዥኑ ድምፅ በዚህ ሰዓት ይጨመራል፤ ዘፈኑን የሚሰማ ስላለ አይደለም። ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ዘፈኑ አልቆ ቤቱ በድንገት ጭር ሲል የጀመረው ዓረፍተ ነገር እርቃኑን ይቀራል። ልምድ ያለው መቀጠያ አያጣም፤ «ሌባ ነው… ያ የበግ ነጋዴ ማለቴ ነው።»

በረካው የትንቢትና የናፍቆት ነው። «አብሽር፣ ከፋሲካ አያልፉም!» ከፋሲካ ካለፉ ወደ መስቀል ይዛወራል። ያለፈውም ሁሉ በረካ ላይ ደግ ነው። የ1965ቱን ረሃብ በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌ «የጃንሆይ ጊዜ ጥጋብ» ሲሉ ማንም አያርማቸውም። ደርግን ሲያማ ዘመኑን የጨረሰውም አሁን ሲናፍቀው አያፍርም። ዛሬን ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላ በሌላ ስኒ ይናፍቀዋል።

ደሴ ያለው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል። የበዓል ሳሎን ግን ይጠየፋል፤ ቀበሌ የሚሠራው ዘመድ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ሲገባ ማየት ነው። አስተናባሪው ሳይታወቅ ወሬው ብርድ ላይ ይገኛል። ዘንድሮ የደሴ ብርድ በረታ፣ ኮምቦልቻ እኮ ሐረጎን እንደወረዱ ጃኬት ያስወልቃል፣ በቃ 25 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፣ የእግዜር ሥራ! ከዚያ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርግና «ልማቱ ግን ደስ ይላል» ይላል። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ የበግ ነጋዴውን ሌባ ያለው። ለራሱ አቆይቶት የነበረውን ፈረሰኛም ከድስቱ አውጥቶ እንግዳው ፊት ያኖራል። የቀድሞው ሎሌ ጌታውን ለመስደብ አንድ ሙሉ ሜዳ አስፈልጎት ነበር። የኛ ሰው ጌታውን ሰድቦ፣ አብልቶ፣ ሸኝቶ ከወንበሩ አልተነሣም።

በሳምንቱ መጀመሪያ ስብሰባ ይጠራል። ሰብሳቢው ማይኩን ነፋ ነፋ አድርጎ «ቅሬታ ያለው?» ይላል። የኋላው ረድፍ ጫማውን ያያል። አንድ እጅ ይወጣል፤ አርበኛው ነው። መድረኩ ስለተመቻቸ አመስግኖ፣ ስብሰባው ከምሳ ሰዓት ጋር እንዳይጋፋ በትሕትና ያሳስባል። ጭብጨባ። የቀረበለትን ለስላሳ ቆርኪው እንዳይታጠፍ በጥንቃቄ ከፍቶ ይጠጣና ቆርኪውን ወደ ኪሱ ይከታል። ጥር 11 እየደረሰ ነው፣ ካለፈው ሰሌዳ ሦስት ቆርኪ ጠፍቷል።