ከሰል የሌለው ሰው ባርቤኪው ዶሮ አይሥራ ያለው ማን ነው?

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን የምግብ ዝግጅት ውድድር ላይ የተሰጠውን ውሳኔ ያላየ ያለ አይመስለኝም። ተወዳዳሪዋ በቤት ውስጥ ምድጃ ላይ፣ በብረት መጥበሻ የሠራችውን ባርቤኪው ዶሮ አቀረበች። ዳኛው ሹካ ሳያነሳ፣ ሳይቀምስ፣ ከሰል ያልነካው ዶሮ ባርቤኪው አይባልም ብሎ ከውድድሩ አሰናበታት። ከዚያ ወዲህ በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚነበበው ጭብጨባ ከውሳኔው የባሰ ነው። ግቢ የሌለው ሰው ሌላ ምግብ ይሥራ የሚሉ አሉ። አፓርታማ ውስጥ ተቀምጦ ባርቤኪው መመኘት አጉል ምኞት ነው የሚሉም አሉ። ቀምሶ አልጣፈጠኝም ያለ ሰው ቢሆን ኖሮ እከራከረው ነበር። ሳይቀምስ የፈረደን ሰው ግን ዳኛ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

ክርክራቸውን ሁሉ የተሸከመው አንድ አባባል ነው፦ ጣዕሙ የሚመጣው ከከሰሉ ነው። ከሁሉም ደካማው አባባላቸውም ይኸው ነው። ከሰል ማለት እንጨት በቂ አየር ሳያገኝ ሲከስል፣ ሽታና ጣዕም ሊሰጥ የሚችለው ነገር አብዛኛው በጭስ ወጥቶ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ካርቦን ነው። በደንብ ተቀጣጥሎ አመድ የለበሰ ፍም ሙቀት ይሰጣል፤ ከሙቀት ሌላ ይህ ነው የሚባል ነገር አይሰጥም። ሰው የከሰል ጣዕም ብሎ የሚያወድሰው የዶሮው ስብና ፈሳሽ ፍሙ ላይ ተንጠባጥቦ ሲተን፣ እንፋሎቱና ጭሱ ወደ ላይ ተመልሶ ሥጋው ላይ ሲያርፍ የሚፈጠረውን ነው። ምንጩ ዶሮው ራሱ ነው። የከሰሉ ድርሻ ስቡ የሚወድቅበት የጋለ ነገር መሆን ብቻ ነው። ታዲያ የጋለ ብረት ምን ጎደለው? ጣዕሙን ከከሰሉ ውስጥ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ደግሞም በዚህ መመዘኛ ራሳቸውም አይጸኑም። ግቢ ውስጥ የተተከለ በጋዝ የሚሠራ የባርቤኪው ምድጃ ሲያዩ አንዳቸውም አፋቸውን አይከፍቱም። በዚያ ምድጃ ውስጥ አንዲት ፍም የለችም፤ ስቡ የሚንጠባጠበው ከነበልባሉ በላይ በተዘረጋ የጋለ ብረት ላይ ነው። ጋዙ ከቤት ውጭ ሲነድ ባርቤኪው፣ ያው ጋዝ ወጥ ቤት ውስጥ ሲነድ ተራ ጥብስ የሚሆንበትን ምክንያት የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ልዩነቱ ጣሪያው ከሆነ ክርክሩ ስለ ምግብ አይደለም፤ ግቢ ስላለውና ስለሌለው ሰው ነው።

የጥንት ሥርዓት ይከበር የሚለውም መከራከሪያ ከዚህ የተሻለ አይደለም። ዛሬ በየከረጢቱ የሚሸጠው ተጨፍልቆ የተሠራ ከሰል በአሜሪካ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ ሄንሪ ፎርድ ለመኪና ሥራ ከሚጠረበው እንጨት የተረፈውን ፍርፋሪ ወደ ከሰል መቀየር ከጀመረ በኋላ ነው። በየግቢው የሚታየውን ክብ፣ ባለ ክዳን የባርቤኪው ምድጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952 የሠራው ጆርጅ ስቲቨን የብረታ ብረት ድርጅት ሠራተኛ ነበር፤ ባሕር ላይ ለምልክት የሚንሳፈፈውን የብረት ኳስ ለሁለት ከፍሎ ነው የሠራው። እንደ ቅዱስ ነገር የሚሟገቱለት ዕቃ የፋብሪካ ልጅ ነው። ለዚያ ዕቃ የተፈቀደው ለውጥ ለመጥበሻ የሚከለከለው ለምንድን ነው?

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባርቤኪው ዶሮን ባርቤኪው የሚያደርገው በደንብ ተጠብሶ ቡናማ የሆነ ቆዳና እላዩ ላይ በስሎ የተጣበቀ ስጎ ነው። በሁለቱም የብረት መጥበሻ ከፍም ይበልጣል። አዎ፣ ይበልጣል ነው ያልኩት።

ቡናማው ቀለም የሚመጣው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 በገለጸው የፕሮቲንና የስኳር ውህደት ነው። ይህ ለውጥ የሚፋጠነው ሙቀቱ ወደ 140 ድግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ነው። ውሃ ግን በ100 ድግሪ ይፈላል፤ ቆዳው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ሙቀቱ ከዚያ ብዙም አያልፍም። የዶሮ ጥብስ ጠላቱ እርጥበት ነው፤ ጣሪያ አይደለም። ስለዚህ ሙያ ያለው ሰው ቆዳውንና አጥንቱን የያዘውን የታፋ ሥጋ በደንብ ያደርቀዋል፣ ጨው ይነሰንስበታል፣ ከተቻለም ሳይከድን ፍሪጅ ውስጥ ያሳድረዋል። በማግስቱ ቆዳውን ወደ ታች አድርጎ መካከለኛ እሳት ላይ ባለ ከባድ የብረት መጥበሻ ያስቀምጠዋል፤ ከላይ ሌላ ከባድ ዕቃ ይጭንበታል። ከዚያ አይነካውም። ይህ አለመንካት ነው ትልቁ ሙያ። ስቡ ከቆዳው ቀስ እያለ ይወጣል፤ ቆዳው በራሱ ስብ ይጠበሳል፤ ከብረቱ ጋር የተገናኘው ገጽ በሙሉ እኩል ይቀላል። የሽቦ ፍርግርግ በደንብ የሚያቀላው የነካውን መስመር ነው። በመስመሮቹ መካከል ያለው ሥጋ ብዙ ጊዜ ገርጥቶ ይቀራል፤ ሰው ግን ጥቁሩን መስመር አይቶ ያደንቃል።

ቆዳው ሲጠበስ ዶሮው ይገለበጣል፣ እሳቱ ይቀንሳል፣ መጥበሻው ይከደናል፤ ውስጡ በዚህ ይበስላል። ዶሮ ለጤና አስተማማኝ የሚሆነው መሐሉ 74 ድግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው። ታፋ ግን 80 አልፎ ሲሄድ ነው ጅማቱ የሚላላው፣ ለምላስም የሚለሰልሰው። በፍም ላይ ይህን ማግኘት ስንቱን እንደሚያስቸግር ግብዣ ላይ የተገኘ ሁሉ ያውቃል፦ ላዩ ጠቁሮ አጥንቱ ሥር ጥሬ የሆነ ዶሮ። የፍምን ሙቀት በቅጽበት ዝቅ ማድረግ አይቻልም። የምድጃን እሳት ግን በሁለት ጣት ይታዘዛል።

የምወደው ክፍል አሁን ነው የሚመጣው። ዶሮው ሲወጣ መጥበሻው ሥር ቡናማ ቅሪት ተጣብቆ ይቀራል። ይህ ቅሪት ከሥጋው የወጣው ፈሳሽ ደርቆ፣ ተጠብሶ፣ ጠንክሮ የቀረው ነው፤ የዶሮው ጣዕም እዚያ ተከማችቷል። ትርፉ ስብ ይደፋና ትንሽ አቼቶ ጠብ ይደረግበታል፤ በእንጨት ማንኪያ ሲፋቅ ይለቃል። ከዚያ የቲማቲም ድልህ፣ ስኳር ወይም ሞላሰስ፣ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ ይገቡና ስጎው እዚያው ይወፍራል። ዶሮው ተመልሶ ይገባል፤ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች እየተገላበጠ ስጎው ቆዳው ላይ እስኪያብረቀርቅ ይጠጣል። (ቲማቲምና አቼቶ ያለበትን ስጎ በብረት መጥበሻ ለሰዓት ማፍላት የብረት ጣዕም ያመጣል፤ ለአምስትና ለስድስት ደቂቃ ግን ምንም አይሆንም።) አሁን ይህንን ከፍሙ ጋር አስተያዩት። ፍም ላይ የተንጠባጠበው ፈሳሽ ጥቂቱ በጭስ ይመለሳል፤ የቀረው አመድ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ስጎው ከጠርሙስ ይመጣል፤ ከዶሮው ጋር የሚተዋወቀው ብሩሽ ላይ ነው። በመጥበሻ የተሠራው ስጎ ግን የዶሮውን ፈሳሽ በውስጡ ይዟል። ዳኛው ያልቀመሰው ይህንን ነው። ከዶሮው ጋር አንድ ላይ ያደገን ስጎ ተራ፣ ከፋብሪካ መጥቶ በብሩሽ የተቀባውን እውነተኛ ብሎ መጥራት ምግብን የማያውቅ ሰው ፍርድ ነው።

ስኳሩንም አንርሳ። ስኳር ከ160 ድግሪ በላይ ቀለሙን መቀየር ይጀምራል፤ ብዙም ሳይቆይ ይመርራል። ፍም ደግሞ በብዙ መቶ ድግሪ ነው የሚነደው። በየግቢው የሚበላው ጥቁርና መራራ ዶሮ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ስጎው ቀድሞ ተቀብቶ ስኳሩ አርሯል። የእሳት ጣዕም እያሉ ያሞካሹታል እንጂ ያረረ ስኳር ነው።

እስካሁን ያልኩት የጣዕም ጉዳይ ስለሆነ ሰው እንደ ምርጫው ሊይዘው ይችላል። አሁን የምለው ግን ምርጫ አይደለም። ከውሳኔው ወዲህ፣ ከሰል ከሌለበት ባርቤኪው የለም ከተባለ ትንሽ የከሰል ምድጃ ወጥ ቤት አስገብቶ መስኮት መክፈት ነው ብለው የሚመክሩ ሰዎችን አንብቤያለሁ። ይህ ምክር ሰው ይገድላል። የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አያስልም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። ራስ ምታትና ድካም የተሰማው ሰው ትንሽ ልተኛ ይልና አይነሳም። አንድ መስኮት መክፈት ዋስትና አይሆንም፤ ጭሱ መቆሙም አደጋው መቆሙን አያሳይም፣ ጭስ አልባው ፍም ጋዙን ማውጣቱን ይቀጥላልና። በቴሌቪዥን ቆሞ የከሰልን አስፈላጊነት የሚሰብክ ሰው የሚያዳምጡት ሁሉ ግቢ እንደሌላቸው ያውቃል። ከሰል የግድ ነው ሲል ከሰልን ቤት ውስጥ አታስገቡ ብሎ አለመጨመሩ ከምንም በላይ ያስቆጣኛል። እንዲህ ያለ ምክር የጻፈ ሁሉ ዛሬውኑ ያጥፋው።

በጤና በኩል ሌላም አለ። ያ የተወደሰው፣ ስብ ፍም ላይ ሲወድቅ የሚነሳው ጭስ ቤንዞፓይሪን የሚባለውን ውህድ ይይዛል፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ሰውን ለካንሰር ይዳርጋሉ ብሎ ከመደባቸው ነገሮች አንዱ ነው። መጥበሻም ሥጋን እስኪጠቁር ካሳረረ ነጻ አይወጣም፤ ነገር ግን ስብን በእሳት ላይ እያነደደ መልሶ ሥጋው ላይ አያጨስም።

መጥበሻውም ቢሆን ሥርዓት አለው። ቤቱን በጥብስ ጭስ ይሞላል፣ መስኮትና የጭስ መሳቢያ ይፈልጋል፤ ይህን አልክድም። ቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ከ260 ድግሪ አካባቢ ጀምሮ ሽፋኑ መበላሸትና ጎጂ ትነት ማውጣት ይጀምራል። ከባድ ብረት ነው የሚያስፈልገው።

ለሰዓታት በእንጨት ጭስ ውስጥ የሚቆይ ሥጋ ሌላ ሙያ መሆኑንም አምናለሁ። ያን መጥበሻ አይሠራውም። ግን ዳኛው የጠየቀው የእንጨት ጭስ አልነበረም፤ ከሰል ነው የጠየቀው፤ በከሰል በግማሽ ሰዓት የተጠበሰ ዶሮ ደግሞ የእንጨት ጭስ የለውም። የእንጨት ጭስ ጣዕም የሚመጣው እንጨቱን የሚያጠነክረው ሊግኒን የሚባል ንጥረ ነገር ሲቃጠል ከሚወጡት እንደ ጓያኮልና ሲሪንጎል ካሉ ውህዶች ነው። እነዚህን የፈለገ ሰው ከቤቱ መውጣት አያስፈልገውም። በኦክ እንጨት ጭስ የደረቀ የስፔን ፓፕሪካ አለ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ስጎውን ይቀይረዋል። ፈሳሽ ጭስም አለ። ፋርማሲስቱ ኧርነስት ራይት እ.ኤ.አ. በ1895 በካንሳስ ሲቲ ለገበያ ያቀረበው፣ እውነተኛ የእንጨት ጭስ ቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽነት ሲቀየር የሚገኝ ነው። ሁለት ሦስት ጠብታ ይበቃል። ይህ ማጭበርበር ነው የሚል ሰው ካለ፣ ፍም ላይ ላለው ዶሮው የሚቀባውን የባርቤኪው ስጎ ጠርሙስ ያዙረውና ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዝርዝር ያንብብ። በብዙዎቹ ላይ የጭስ ማጣፈጫ ተጽፎ ያገኛል።