ከሄሊኮፕተር የማይታይ ዳገት

በ2024 ሐምሌ ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሐበሻ ቤት ውስጥ ቱር ደ ፍራንስን፣ የፈረንሳዩን የሳይክል ውድድር፣ የሚያይ ሰው በዛ። ምክንያቱ ቢኒያም ግርማይ ነው። የአስመራው ልጅ በአንድ ቱር ሦስት የዕለት ውድድሮች አሸነፈ፤ በነጥብ አንደኛ ለሚሆነው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያም ወሰደ። የኛው ፅጋቡ ግርማይ በ2016 በቱሩ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ብዙ ሰው ልብ አላለም ነበር። አሁን ግን ከኳስ በቀር ስፖርት የማያውቁ ዘመዶቻችን ሳይቀሩ ሶፋ ላይ ተደላድለው ሳይክል ያያሉ።

ሳይክል ያያሉ ልበል እንጂ፣ አብዛኛውን ሰዓት የሚያዩት አገር ነው። የጎዳና ሳይክል ለረጅም ሰዓት ምንም የማይፈጠርበት ውድድር ነው። ያን ጊዜ ካሜራው ከሄሊኮፕተር ላይ ሆኖ ያስጎበኛል። የሱፍ ማሳ፣ ወንዝ፣ የድንጋይ ድልድይ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ግንብ። ኮሜንታተሩ ግንቡን ማን እንደሠራው፣ ማን እንደወረሰው ይተርካል። ፈረንሳዮች ይሄን ሥራ ይችሉበታል። ቱሩ ራሱ በ1903 የተጀመረው ሎቶ የሚባል ጋዜጣ ገበያ እንዲያገኝ ተብሎ ነው። ያኔ ጋዜጣ ይሸጡበት ነበር፤ ዛሬ አገር ይሸጡበታል።

የኔ ቅሬታ ከዚህ ምስል ጋር ነው። ከላይ ሲታይ ዳገት የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ነገር ተደልድሎ ተኝቷል። ግንቡም ኬክ ላይ የተሰካ ጌጥ ይመስላል። ያ ግንብ ግን የተሠራው ከታች ለሚመጣ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ለሚወጣ ሰው ነው። ሆን ተብሎ፣ እንዲደክመው። በሳይክል ለሄደ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጭኑ ይነግረዋል።

ለዚህ ከዶርዶኝ ወንዝ ሸለቆ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ቢኒያም ሦስተኛ ድሉን ካገኘባት ከቪልኔቭ ሱር ሎት ወደ ሰሜን ሲሄዱ ብዙም አይርቅም። ኮረብቶቹ የአልፕስ ተራሮች ዓይነት አይደሉም። አጫጭር ናቸው፤ ግን አያልቁም። አንዱን ወጥተው ሲወርዱ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። መሃል መሃሉን የዋልነት ዛፎች፣ የዳክዬና የዝይ እርባታ፣ ድሮ ትምባሆ ይደርቅባቸው የነበሩ ረጃጅም የእንጨት ጎተራዎች አሉ።

ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ሁለት ግንቦች ተፋጠዋል። በሰሜኑ ዳር ቤናክ፣ በደቡቡ ካስቴልኖ። ከ1337 እስከ 1453 በዘለቀው የመቶ ዓመት ጦርነት ቤናክ የፈረንሳይ ንጉሥ ወገን ነበር። ካስቴልኖ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የእንግሊዝ። ወንዙ ድንበር ነበር ማለት ነው። ቴሌቪዥን ላይ ይሄ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ያልፋል። ከቤናክ ቁልቁለቱን በርሮ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ካስቴልኖ ዳገት ሥር ማርሽ የሚቀንስ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ይገባዋል። አንዱ ጌታ ሌላውን ለማጥቃት መጀመሪያ የራሱን ከፍታ መልቀቅ አለበት። ይወርዳል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ ከዚያ እንደገና ሽቅብ። እነዚያ ደግሞ ከላይ ሆነው ሙሉ ቀን ሲያዩት ይውላሉ። ጦርነቱ መቶ ዓመት ቢፈጅ ምን ይገርማል?

ዶም የምትባለዋን ከተማ ደግሞ እንይ። በ1281 በንጉሥ ፊሊፕ ሦስተኛው ትእዛዝ አምባ ላይ ተቆረቆረች። ከሥሯ ካለው ከሴናክ መንደር ሲነሱ መንገዱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ጥቂት የምለው ለመኪና ነው። በወንዙ በኩል ያለው ገደል ቀጥ ያለ ስለሆነ የከተማዋ ሰዎች በዚያ በኩል አልሰጉም፤ ማን ይወጣዋል ብለው። በ1588፣ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች በሚዋጉበት ዘመን፣ ዦፍሯ ደ ቪቫን የሚባል የፕሮቴስታንት አዛዥ ሰላሳ ያህል ሰው ይዞ በሌሊት በዚያው ገደል ወጣ። ከተማዋንም ያዘ። እኔ በአስፋልቱ፣ በቀን፣ በቀላል ማርሽ እየወጣሁ ያን ሰውዬ ሳስበው በራሴ እስቃለሁ።

የባላባት ታሪክ ለሰለቸው ደግሞ ከካስቴልኖ ወደ ምዕራብ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ሚላንድ አለ። ይሄን ግንብ በ1947 የገዛችው ጆሴፊን ቤከር ናት። ጥቁር አሜሪካዊት ዳንሰኛና ዘፋኝ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለፈረንሳይ አርበኞች የሠራች። አሥራ ሁለት ልጆች ከዓለም ዙሪያ በማደጎ ወስዳ እዚህ አሳደገች። በ1960ዎቹ መጨረሻ ዕዳ ወጥሯት ግንቡን አጣች። በ2021 ፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎቿን በምታከብርበት በፓንቴዮን የክብር ቦታ ሰጠቻት። ከዚህ ሁሉ የድንጋይ ክምር ውስጥ እኔን የሚያቆመኝ ይሄኛው ነው።

ግንብ በየአገሩ አለ። ፈረንሳይ የበለጠችው በመንገድ ነው። በቁጥራቸው ፊት "ዲ" የሚል ፊደል ያለባቸው የክፍለ ሀገር መንገዶች ብቻ ከ370 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናሉ። ብዙዎቹ ጠባብ ናቸው። አስፋልታቸው ደህና ነው፤ መኪና የሚያልፍባቸው አልፎ አልፎ ነው። በሕጉ መሠረት ሳይክል የሚቀድም መኪና ከተማ ውስጥ 1 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት። ሁሉም ያከብራል አልልም። ግን ገጠር ውስጥ ጡሩምባ ሳይነፋ ኩርባው እስኪያልፍ ከኋላ የሚከተል ሹፌር ብዙ ነው። ሽማግሌው ገበሬም ጎረምሳ ሳለ እሽቅድድም ሞክሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ዳገት ላይ ሲያይዎት በመስኮት "አይዞህ" ማለት ይወዳል።

ለመሄድ ለሚያስብ አንድ ሁለት ነገር ልንገር። መንደር ውስጥ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሱቅ ይዘጋል። ሰኞ ደግሞ ዳቦ ቤቱም ዝግ ሊሆን ይችላል፤ ሆድ ባዶ መውጣት አያዋጣም። ውኃ ካለቀ የመቃብር ቦታ ይፈለግ። አዎ፣ መቃብር። ለአበባ ማጠጫ የሚሆን ቧንቧ ስላለ የፈረንሳይ ሳይክል ነጂዎች ብዙ ጊዜ ኮዳቸውን የሚሞሉት እዚያ ነው። ቧንቧው ላይ "አይጠጣም" የሚል ማስታወቂያ አለመኖሩን ማየት ብቻ ነው። እናቴ ብትሰማ ታማትብ ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ይሄ አገር ለሳይክል የተመቸው ስለማያስቸኩል ነው። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ መኪናው ሳይወድ ቀስ ይላል። መንደር መግቢያ ላይ ጉብታ አለ፣ መሃል መንገድ ላይ ከፍ ያለች መለያ አለች። ለእሽቅድድም እነዚህ ነገሮች መርዝ ናቸው። ቢኒያም ባሸነፈበት በዚያው የቪልኔቭ ቀን፣ ከመድረሻው በፊት አሌክሴይ ሉትሴንኮ የሚባል ተወዳዳሪ እንዲህ ካለች መለያ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። በዚያ አደጋ የወደቀው ፕሪሞዝ ሮግሊችም በማግስቱ ከቱሩ ወጣ። ተወዳዳሪዎቹ ቢያማርሩ አልፈርድባቸውም። ግን መንገዱ በዓመት አንድ ቀን የነሱ ነው። በቀሩት ቀናት የአሮጊቷ፣ የተማሪው፣ እንደኔ ቀስ ብሎ የሚወጣው ሰው ነው።

ለዚህ ነው የቤናክ ጉዳይ የሚያንገበግበኝ። የቤናክ መንደር ከገደሉና ከወንዙ መሃል ተጣብቃ ነው ያለችው። ዋናው መንገድ በመሃሏ ያልፋል። በጋ ላይ የቱሪስት መኪና ይሞላና ይቆማል። የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት መፍትሔ ብሎ ያቀረበው መንደሯን የሚዞር 3 ኪሎ ሜትር ገደማ አዲስ መንገድ ነው። ወንዙን ሁለት ጊዜ የሚሻገር፣ ሁለት ድልድይ ያለው። በእነዚያ ግንቦች ሥር! በ2018 ሥራው ተጀመረ። ምሰሶዎቹ ወንዙ ውስጥ ቆሙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሥራውን አስቆመው። በ2019 የቦርዶ ፍርድ ቤት ፈቃዱን ሻረ፤ የተሠራውም እንዲፈርስ አዘዘ። በአካባቢው ጥበቃ የሚደረግላቸው እንስሳትና ዕፅዋት አሉ፤ መንገዱ እነሱን የሚያስረሳ ያህል ለሕዝብ አያስፈልግም ነው ነገሩ። ይግባኙም አልሠራም። ማፍረሱ ሲጓተት በ2022 በቀን የሚቆጠር ቅጣት ተጣለ።

የመንደሩን ሰው አልወቅስም። በመስኮቱ ሥር አውቶቡስ ሲያጓራበት የሚውል ሰው መንገዱ ይነሳልኝ ቢል እውነት አለው። መንገዱን ደግፈው የጮኹት ብዙ ነዋሪዎች ናቸው፤ ከተቃወሙት ውስጥ የግንብ ባለቤቶችና ከግንብ ጉብኝት የሚኖሩ ሰዎች ነበሩበት። ንጹሕ ወገን የለም። ግን ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድ ሲገኝ የሚመጣው መኪና ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የቤናክን ጭንቅ ወደ ሚቀጥለው መንደር ማስተላለፍ ነው። ላ ሮክ ጋዣክም እኮ እንደዚሁ ገደልና ወንዝ መሃል ነው ያለችው። ለሷም ድልድይ ሊሠሩ ነው?

ይበልጥ ያስገረመኝ ደግሞ በኋላ የመጣው ሐሳብ ነው። ምሰሶዎቹ ከሚፈርሱ ለሳይክልና ለእግረኛም የሚሆን መንገድ ይሠራባቸው ተባለ። ይቅርታ፣ በኛ ስም አትለምኑ። ለረጋ ጉዞ ለሚፈልግ ከአቅራቢያው ከተማ ከሳርላ ወደ ካዙሌስ መንደር በድሮው የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራ የሳይክል መንገድ አለ። ደልዳላ ነው፣ ለልጅም ይሆናል፣ ወንዙንም በአሮጌ የባቡር ድልድይ ይሻገራል። ዳገት የሚፈልገው ደግሞ ዳገቱ አለለት። አዲስ ድልድይ አልጠየቅንም።

የቤናክ መፍትሔ ርካሽ ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ይመስለኛል ሪባን የሚቆርጥለት ሰው ያጣው። ሐምሌና ነሐሴ የጎብኚው መኪና ከመንደር ውጭ ይቁም። ትንሽ አውቶቡስ ያመላልስ። ነዋሪው፣ አምቡላንሱና ዕቃ አድራሹ ይለፉ። ሌላው በእግሩ ወይም በሳይክሉ ይምጣ። የሱቅ ባለቤቶች ገበያ ይቀዘቅዛል ብለው ይሰጋሉ፤ ግን ዳገት ወጥቶ የመጣ ሰው ምን ያህል እንደሚበላ የሳርላን ዳቦ ቤቶች ይጠይቁ።