ለሁለት ሳምንቱ ዶክተር የቀረበ ምስጋና

ዶክተር፣ እንኳን በሰላም ተመለሱ!

አንቱ ማለቴ አይግረምዎት። የሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ መሆንዎን አላጣሁትም። ግን በበጎ ፈቃድ ጉዞ ባሕር ማዶ፣ ሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ዶክተር» ሲባል የከረመን ሰው በስሙ ብቻ መጥራት ነውር ነው።

አገርዎ ሳሉ መርፌ መውጋት ቀርቶ የደም ግፊት ሲለኩ እንኳ አስተማሪ አጠገብዎ ይቆም ነበር። አውሮፕላኑ ድንበር ሲሻገር ግን ሁሉም ተገለጠልዎ። በሦስተኛው ቀን ቁስል ሲሰፉ የተነሱትን ፎቶ አይቼ እጄን በአፌ ጫንኩ። ለካ ለሙያ ፈቃድ የሚያስፈልገው ፓስፖርት ኖሯል!

ይበልጥ የወደድኩት ግን ቪዲዮውን ነው። የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ የልብ ማዳመጫውን ከእጅዎ ተቀብሎ፣ እርስዎ ቦታውን ሲፈልጉ፣ ራሱ ደረቱ ላይ ልክ ቦታው አስቀመጠው። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞሮ ፈገግ አለ። ምን ያድርግ፣ በዚህ ክረምት ብቻ ስንት ዶክተር አስመርቋል!

ገና ከበሩ ሲገቡ ልጆቹ አንገትዎ ላይ መጠምጠማቸውን «ንጹሕ ፍቅር» ብለው ጽፈዋል። የሙያው መማሪያ መጽሐፍ ግን ቅናተኛ ነው። ቋሚ አሳዳጊ ያጣ ልጅ ያገኘው እንግዳ ላይ ሁሉ ሊለጠፍ ይችላል፣ ይህም የጉዳት ምልክት ነው ይላል። ያ ምዕራፍ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው መሰል የሚሰጠው።

ደግሞ «ወላጅ የሌላቸው» ብለዋቸዋል። በዓለም ዙሪያ በእንዲህ ዓይነት ማሳደጊያዎች ካሉ ልጆች ከ10 ስምንቱ ያህሉ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት እንዳላቸው ይገመታል። እናት እያለች ወላጅ አልባ መሆን ቀላል ሥራ አይደለም! ከፍሎ የሚያቅፍ ደግ ሰው ባይኖር ማን ይሰበስባቸው ነበር? በካምቦዲያ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 የማሳደጊያዎቹ ቁጥር በ75 በመቶ አደገ። ወላጅ ድንገት አልቆ አይደለም፤ ለጋሽና ጎብኚ በዝቶ ነው።

ምቀኛ አይጠፋምና፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በማሳደጊያዎች የሚደረግ የበጎ ፈቃድ ጉዞ ለሕፃናት ዝውውርና ብዝበዛ በር ሊከፍት ይችላል አለ። እርስዎ አልሰሙም፤ ሲቪ እያስተካከሉ ነበር።

የስንብቱ ቪዲዮ ላይ እርስዎ ስቅስቅ ብለው ያለቅሳሉ። «ተመልሼ እመጣለሁ» ይላሉ። ጥርሱ የወለቀው ልጅ አላለቀሰም። ሚኒባሱ ከግቢው ሳይወጣ «ቀጣዮቹስ መቼ ነው የሚመጡት?» ሲል ይሰማል።

እሱ ጋ ሲደርስ ሙዚቃውን ትንሽ ከፍ ያድርጉት፣ ዶክተር።