ማስተካከያ፦ ወይዘሮ ሮዛ የተቀመጡት የት ነበር?

ባለፈው ሳምንት ለልጆች በጻፍኩት ላይ፣ ጥቁር አሜሪካዊቷ ሮዛ ፓርክስ አውቶቡስ ውስጥ የነጮች ወንበር ላይ ተቀምጠው አልነሳም አሉ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። በ1955 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በአሜሪካ፣ ሞንትጎመሪ ከተማ አውቶቡሶች ላይ የፊት 10 መቀመጫዎች ለነጮች ብቻ ነበሩ። ወይዘሮ ሮዛ የተቀመጡት ከእነዚያ ኋላ፣ ለጥቁሮች በተፈቀደው ቦታ ነው። የፊቱ ሞልቶ አንድ ነጭ ሰውዬ ሲቆም፣ ሹፌሩ በዚያ ረድፍ ያሉትን 4 ጥቁሮች በሙሉ ተነሱ አላቸው። ለአንድ ሰው አራት! ነጭና ጥቁር በአንድ ረድፍ አይቀመጥማ። ሦስቱ ተነሱ፤ ወይዘሮ ሮዛ ግን አልነሱም።

«ያልተነሱት ደክሟቸው ስለነበር ነው» ያልኩትንም ሰርዙልኝ። ሴትዮዋ የቆዩ የመብት ታጋይ ነበሩ። ከእሳቸው 9 ወር ቀደም ብላም የ15 ዓመቷ ተማሪ ክላውዴት ኮልቪን አልነሳም ብላ ታስራለች። ለልጆች እየጻፍኩ እሷን መዝለሌ ይቆጨኛል።